ሰባት ቤት

በኛ ደሴት መዝገብ፣ ወረቀት አልነበር፤
አያ ሙጬ ነበር።
ሽማግሌ ሲላክ፣ ጌሾ ሳይወቀጥ፣
ከደጁ ድንጋይ ላይ፣ ጋቢ ለብሶ ሲቀመጥ፣
ዓይኑን ሐይቁ ላይ ጥሎ፣ ጣቱን እያጠፈ፣
የሞተ ሰው ጠርቶ፣ በስም እያሰለፈ፣
«አባት፣ አያት» ይላል፣ «ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣
ምንዝላት፣ እንጅላት...»
ሰባት ጣት ሲታጠፍ፣ ሰርጉ ይደገሳል፤
ስድስት ላይ ከቆመ፣ ቀለበት ይመለሳል።

የእኔና የእናኑ፣ አምስት ላይ ቆመብን።
አንዲት ወለተ ማርያም፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ሁለት ልጅ ወልዳብን።
እናኑም ተዳረች፣ በጀልባ ተሻግራ፣ ወደ ዘጌ ማዶ፤
እኔም በግ አረባሁ፣ እጄ ጠጉር ለምዶ።

አውራዬ ኮከቤ፣ ግንባሩ ነጭ ምልክት፣ ላቱ ወፍራም ትራስ፤
ቀንዱ ተጠምዝዞ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ፣ ሰፈር የሚዋዋስ።
የወለደው ወንዱ፣ ለበዓል ይታረዳል፤
የወለዳት ሴቷን፣ ዓመት ሞልቷት ስትቆም፣ እሱው ይጠብቃል።
ለበግ ማን ይቆጥራል?
ሽማግሌ አይልክ፣ ጥሎሽ አይደረድር፣ ሣሩን ብቻ ይግጣል።

መጀመሪያ መንታ ቀረ።
ቀጥሎ የግልገሉ፣ ቁመቱ አጠረ።
በአንዱ ክረምት ደግሞ፣ አንዷ የወለደችው፣
መንጋጋው ወደ ኋላ፣ የታች ጥርሱ ከላይ ድዱ የማይገጥመው፣
ጡት እየፈለገ፣ መያዙን ግን አጥቶ፣
በሦስተኛው ሌሊት፣ አፉን እንደ ከፈተ፣ ቀረ ጭቃው ላይ ተኝቶ።
ሌላዋ ዓይነ ስውር ጣለች።
«ዓይን ነው» አለኝ ጎረቤት፤ «ጭጋግ ነው» አለኝ ሌላ፤
ክታብ አሰርኩላቸው፣ ጠበል ረጨሁ ከኋላ።

አያ ሙጬ መጣ፣ ለፋሲካ ሙክት፣ ሊገዛ ከበረት፤
ዓይነ ስውሩን ግልገል፣ በመዳፉ ዳሶ፣ «አባቱ ማን?» አለኝ፣ እንዲያው እንደ ዘበት።
«ኮከቤ።»
«የናቱስ?»
«ኮከቤ።»
«የአያቱስ?»
ዝም አልኩ።
ጣቱን ሊያጥፍ ዘርግቶ፣ አንድም ሳያጥፍ ቀረ፤
«ሰባት በር ባንኳኳ፣ የሚወጣልኝ አንድ ነው» ብሎ አቀረቀረ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ኮከቤን አሳፍሬ፣ ባሕር ዳር ወረድኩኝ፤
ለአንድ ሥጋ ቤት፣ ዓይኑን ሳላይ ሸጥኩኝ።
ከመራዊ በኩል፣ የመጣ ሰውዬ፣ አንድ ቡናማ በግ፣ ቀንድ አልባ፣ ግንባረ ሰፊ፣
ላቱ ወደ ጎን የዞረ፣ ሰው ሲነካው አኩራፊ፣
ገመዱን ይዞ ቆሟል።
«ዘሩ ከየት?» ብለው፣
«አያቱን እንጃ፤ ከሩቅ ነው ያመጣሁት» አለኝ፤
ሰውዬውን ላቅፈው ቃጣኝ።

ጀልባው ላይ ፈራብኝ። ማዕበል ሲያናውጠን፣ ራሱን ጭኔ ሥር ቀበረ።
በዘጌ ስናልፍ፣ አንዲት ሴት ከዳር ላይ፣ ልብስ ስታጥብ ነበረ።
እናኑ አትሆንም። በዚያ ርቀት ማን ይለያል?
አንገት ግን አይሰማም፤ ዞሮ ይመለከታል።
በጉን «ባዳ» አልኩት።

መስከረም ሲጋመስ፣ የኮከቤ የልጅ ልጅ፣ መንታ ጣለችልኝ፤
መልክ የላቸውም። ግን ጣቴን አፋቸው ውስጥ፣
ከትቼ ብዳስሰው፣ ጥርሱ ከድዱ ጋር፣ ልክ ገጠመልኝ።

አያ ሙጬ አርጅቷል። ምንዝላትን አሁን፣ ከእንጅላት ያደባልቃል።
እኔ ደብተር ገዝቼ፣ በግ እቆጥራለሁ፤ ሰፈር በኔ ይስቃል።
ባዳም ሁለት ዓመት፣ ሞልቶት ልጆቹ ሳይደርሱ፣ ወደ ሌላ ይሻገራል፤
ገጹም ተጽፎበታል።

ያችን አምስተኛ ጣት፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ይቅር አላልኳትም።
ትክክል ነበረች።
ትክክል መሆኗ አያጽናናኝም።