የጎደለችው «ም»

በዶክተር ልዑልሰገድ ጥናት፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ፣
ከባለቤታቸው በታች፣ ከጄኔሬተር ጠባቂው በላይ፣
«ለወይዘሪት ኢክራ ምስጋና» ይላል፤ አንዲት መስመር ናት።
ስሜ ኢክራም ነው። ፊደሏ የት እንደወደቀች እንጃላት።
ሙክታር አብዶሽ፣ ከካታሎግ ክፍል፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ሳቀ፦
«ኢቅራ፣ አንብብ ማለት አይደል? ሰውየው ሳያውቅ አወቀ።»

ሰባት ዓመት ለሰው ጥናት ምንጭ ስፈልግ፣ ስቆፍር፣
የሰው ግርጌ ማስታወሻ ስለቅም፣ ነጠላ ሰረዝ ስቆጥር፣
እኔም ጥያቄ ነበረኝ። የሚሰማው ግን አልነበረም፤
የኔ ጠረጴዛ መላሽ እንጂ ጠያቂ አይደለም።

ድሬ በሰባት ሰዓት፣ ሐዲዱ በባዶው ሲግል፣
የከዚራ ባጃጅ ሁሉ ከዛፍ ጥላ ስር ሲጠለል፣
ተማሪው ወደ እኛ ይጎርፋል። መጽሐፍ ሽቶ አይደለም፤
ቬንትሌተር የሚዞርበት ሌላ አዳራሽ በግቢው የለም።
ጉንጩን መዝገበ ቃላት ላይ ጥሎ ያንቀላፋል፤
ጥበቃው ጠረጴዛውን በቁልፍ እየመታ ያባንናል።

እኔ ቆጠርኩ።
በሰማያዊ ደብተር፣ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ፣
የተኙትን በየወንበራቸው፤ ሲነቁ ምን እንዳነሱ፣ ምን እንደጣሉ።
ከመቶው ሠላሳ አንዱ፣ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ፣
የተንተራሰውን ተውሶ ይወጣል፣ በብብቱ አድርጎ።
ይህንን ጻፍኩ። ማታ ማታ፣ በሩ ተቆልፎ፣
መብራት ሲጠፋ በስልኬ ጭላንጭል፣ ክንዴ ከወረቀቱ በላብ ተለጥፎ።

ጽሕፈት ቤቱ፦ «ባለሙያዋ የአስተዳደር ሠራተኛ ናት፤
ለምርምር የሚሰጥ ሰዓት የለም፣ በመመሪያው መሠረት።»
ገምጋሚ አንድ፦ «ሰንጠረዥ ሦስት ይስተካከል።»
ገምጋሚ ሁለት፦ «እንቅልፍ እንዴት አገልግሎት ይባላል?
ደግሞስ ለምን ድሬዳዋ?» ብሎ በቀይ አሰመረበት።
ተሻግሮ ይየው እስቲ ደቻቱን በቀትር፤ አሸዋው ይመልስለት።

ሦስቴ ተመለሰ። በአራተኛው ወጣ፤ ቅጽ ዘጠኝ፣ ገጽ አርባ።
ቅጂው በፖስታ ከረጢት፣ ከመብራት ደረሰኝ ጋር ገባ።
መለያ ቁጥሩን ራሴ ሰጠሁት፤ ማኅተሙን ራሴ አሳረፍኩ፤
መደርደሪያው ላይ ሳቆመው እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ ከሙክታር ደበቅኩ።

ወር። ሁለት ወር።
የውሰት ካርዱ ነጭ ነው፣ እንደ ድሬ ሰማይ።

ትናንት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣
ከመስኮቱ ሦስተኛው ወንበር፣ አንድ ያንደኛ ዓመት ተማሪ፣
ጫማው ላይ የመልካ ጀብዱ አቧራ፣ ኪሱ ውስጥ የተሰበረ እርሳስ ቀሪ፣
ቅጽ ዘጠኝን ተንተርሶ፣ ገጽ አርባ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።
ሰንጠረዥ ሦስት በምራቁ ርሷል።
ጥበቃው ቁልፉን አነሣ። በእጄ፣ ተው፣ አልኩት።

ደብተሬን ገለጥኩ። አንድ ጭረት።
ከጎኑ «አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ያቺን የወደቀች ፊደል አስታወስኩ።
ከጫፉ ሰካኋት፦
«አንድም።»
የቀረውን ፍቺ፣ ሲነቃ ይጨምርበት ብዬ፣ ለሱ ተውኩ።