አንገተ ደንዳና

ከመናኸሪያው በታች፣ ደብረ ሲና ላይ፣
አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለችኝ፤ ስትታይ
ጋራዥ ትመስላለች፣ ሲገቡባት ጓዳ።
ከጣርማ በር ጉሙ ሲወርድ በማለዳ
ሳያንኳኳ ይገባል፤ መፍቻዬን ያልበዋል፤
በኛ ሰፈር ዝገት እንደ ዕዳ ይወልዳል።

ሐሙስ ለት ትርንጎ በካፊያው መጣችልኝ፣
የታመመ ሕፃን ያቀፈች መሰለኝ፤
ጋቢውን ስትገልጠው ሦስት እግር ነበረ፣
አንገቱ ነሐስ፣ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣
የአባቷ፣ የጋሽ ሸዋንግዛው፣ የፎቶ አንሺው።

በዚያ እግር ፊት ያልቆመ ማን አለ?
ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለእድር ደብተር፣
ያገሬው ጉርድ ፎቶ በሱ ነው የወጣ።
እኔም የሚኒስትሪ ፈተና ሲመጣ
በወንድሜ ኮት ትንፋሼን ውጬ ቆምሁ፤
«አገጭ ቀና!» ያለኝን ዛሬም አልረሳሁ።

እግሮቹ ደኅና ናቸው፤ ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ።
ራሱ ነው እንጂ፣ ካሜራ የሚሸከመው፣
ሲሉት ወደ ሰማይ፣ ሲሉት ወደ አፈር
ይል የነበረው አናት፣
መሬት መሬት እያየ ደርቋል፤
ቢገፉት፣ ቢጠመዝዙት፣ ወይ ፍንክች።
አንገተ ደንዳና።

«ገዢ አግኝቻለሁ፣ ከደብረ ብርሃን» አለች።
«ካልዞረ አልወስድም ብሎኛል።»
ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም።

በካቻቢቴ ነካሁት፤ ናቀኝ።
ጨርቅ አልብሼ ሞርሳ ላይ አሰርሁት፣
በብሎኑ ሥር ነጭ ጋዝ ጠብ አደረግሁለት፣
ማታ አንድ፣ ጠዋት አንድ፣
ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ እንደገባ ሰው።
ረዳቴ ታደገኝ መዶሻ አነሣ።
«አስቀምጥ» አልሁት። «ይኼ መለዋወጫ የለውም፤
የሠራው ፋብሪካም፣ የያዘው ሰውዬም
አብረው ተዘግተዋል።»

በአራተኛው ቀን፣ በፈላ ውሃ ጨርቅ
ስጠቀልለው፣ ስፈታው፣ ቡኒ ነገር ወጣ፣
እንደ ማር ሰፈፍ የሚለጠጥ።
ዝገት መስሎኝ ነበር የያዘው።
ግራሶ ኖሯል።
እንዲላላ ብሎ፣ እንዳይጮኽ ብሎ
በየፋሲካው የቀባው፣
ዓመት ባመት ላይ ሲደረብ ሙጫ የሆነ።
ሸዋንግዛው ራሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣
እየራራለት ያሰረው።

አስጠራኋት። ብሎኑ እሺ ሊል ሲል
ትርንጎ እጄን ያዘች፦ «ቆይ፣ አንዴ አቁመው።»
ከኋላው ጎንበስ አለችና
ካሜራ በሌለበት፣ በባዶው በኩል አየች።
«በመጨረሻ ያነሣው ዝቅ ያለ ነገር ነው፤
ሕፃን ይሆናል፣ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ።»
ቆየት ብላ፣ «እኔ እሆናለሁ።»

እኔ ሥራዬ ብሎን ነው።
ካሜራ ከእግሩ የሚፈታ ሰው
አናቱን ወደፊት ደፋ ያደርገዋል፣
ከሥር ያለችውን ቁልፍ እንዲያገኛት።
ካሜራውን ለኩላሊቱ መድኃኒት እንደሸጠው
ከተማው ያውቃል፤
ያን ለት ደፍቶት ይሆናል።
ከዚያ በኋላ ለምን ብሎ ቀና ያደርገዋል?
ይኼን አልነገርኋትም።
ምስማር አንሥቼ፣ ከአንገቱ እስከ ትከሻው
አንዲት ቀጭን ጭረት አሰመርሁለት፣
መመለስ ብትፈልግ የት እንደነበር ታውቅ ዘንድ።

ከዚያ በሁለት እጄ።
መጀመሪያ የጠጠር ድምፅ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣
ቀጥሎ ምንም፤ ዝም ብሎ ዞረ።
በሩን አየ፣ ጉሙን አየ፣
የታደገኝን የተከፈተ አፍ አየ፣
ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ቆመ።

እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ።
አገጬን ቀና አደረግሁ።