ከምንጩ የጠፋ

ኮምቦልቻ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ የጨርቃ ጨርቁ መዘውር ዝም ብሏል።
እኔ ብቻ ካሮጌው ማኅደር ወደ አዲሱ ስም እቀዳለሁ።
ሕጉን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ሦስት መስመር፦
አዲስ ከመጣ አስገባ፣
ከተለወጠ አድስ፣
ከምንጩ ከጠፋ ሰርዝ።

ይማም አራጌ፣ የሽመና ክፍል፣ ቁጥር አራት መቶ ሰባት፣
ሠላሳ ዓመት የተበጠሰ ክር ሲቀጥል የኖረ፣
ከምንጩ የለም።
ማን እንዳጠፋው እንጃ።

ነገ ሞሚና ከደሴ ትወርዳለች፣ ለጡረታው፤
«እንዲህ የሚባል ሰው አልነበረም» ልንላት ነው?
ቦርከናስ በበጋ ሲቀጥን
ድልድዩን ማን አፈረሰ?

ሦስተኛውን መስመር አነሳሁት።
በቦታው፦ ከምንጩ ከጠፋ አትንካው፤
ቀኑን ጻፍና «ነበረ» በል።

ሊነጋ ሲል ማሽኑ ቆጠረ፦
የገባ፣ አሥራ ሁለት።
የታደሰ፣ አንድ።
የተሰረዘ፣ ባዶ።