ባሕር የማያውቅ ወንዝ

ባጃጁ አራግፎን ዞረ ከድልድዩ ማዶ፣
መብራቱ በጭጋግ እንደ ጨርቅ ተቀድዶ።
ሐምሌ ነው፤ ቦርከና መጥገብ ጀምሯል፣
ቡናማ ጀርባውን ከሾላው ሥር ያክካል።

እኔ መሪ ነኝ፤ ለግማሽ ቀን አምስት መቶ ብር።
ትል መቆፈር፣ ውሃ ማንበብ፣ ዘንግ መሸከም፣
እንግዳው ሲያዳልጠው ክንዱን መያዝ ነው ሥራዬ፤
ዝም ማለትም አለበት፣ ከሂሳቡ ነው ጌታዬ።

እንግዳዬ ረጅም ነው፣ ከሰሜን ጫፍ የመጣ፤
«በእኛ አገር ሐምሌ በጋ ነው» ሲል
ከኮፍያው ጠርዝ ዝናብ እየተንጠባጠበ፣ ሳቄ አፈትልኮ ወጣ።
ስሙ ኤይናር ነው፤ የሐዲዱ ሠራተኞች አይናለም ይሉታል፤
እሱም «አቤት» ይላል።

መንጠቆውን ጥሎ ሲጠብቅ
የአገሩን ዓሣ ነገረኝ። «ሳልሞን» አለ።
«ሰሎሞን?»
«ሳልሞን። ንጉሥ አይደለም፣ ዓሣ ነው።»
ወንዝ ውስጥ ይወለዳል፤ ጣት ሲያክል ይወርዳል ባሕር፤
ዓመታት ጨው ጠጥቶ ሲመለስ ግን አይስትም፣
ያንኑ ወንዝ፣ ያንኑ ጠጠር።
ፏፏቴ ይዘላል፣ ሳይበላ፣ መንጋጋው ተቆልምሞ፤
በተወለደበት እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል ደክሞ።
«የእናንተስ?» አለኝ። «የት ይሄዳል?»

የእኛ አምባዛ ነው፤ ጢማም፣ ቅርፊት የሌለው፣
ለዚያም ብሎ ግማሹ ሰፈር የማይበላው፤
ውሃ ሲጎድል ጭቃ ለብሶ አየር እየሳበ የሚከርመው።
መሄድ አያውቅም እሱ። መቆየት ነው የሚያውቀው።
ወንዙም ባሕር አያውቅም፤ በጨፋ ሣር ተንቀራፎ፣
ከአዋሽ ተደባልቆ፣ የአፋርን በረሃ አልፎ፣
ጨው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፣ ባሕሩ ጥቂት ሲቀረው አርፎ።

ይህን ነገርኩት። ያልነገርኩት፦
ታናሼ ጦይብ በዚሁ ወንዝ ዳር መውረዱን፣
በጨፋ፣ በአፋር፣ ከደላላ ጋር፣
ውሃው የተወውን መንገድ እሱ መቀጠሉን፤
ከጂዛን አንዴ ደውሎ «አፌ ጨው ጨው ይለኛል» ማለቱን፣
ከዚያ ወዲያ አራት ክረምት ስልኩ አለመጥራቱን።
ለእንግዳ ይህ አይነገርም። ዓሣ ሊያጠምድ ነው የመጣው።

ቀና ስል ጦሳ ጠቁሯል።
ደሴ ላይ ሲያጓራ እኛ ጋ ገና ጸጥ ነው፤
ይህን ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ጎርፍ ከእግሬ ላይ
አንድ ጫማ ሲነጥቀኝ ነው።
«እንውጣ፣ ውሃ እየመጣ ነው» አልኩት።
«ውሃውማ ይኸው።»
«ይሄ አይደለም። ሌላው።»

ያኔ ዘንጉ ጎበጠ።
ክሩ ጮኸ። ከሥር አንድ ነገር ጭቃውን ነክሶ እንቢ አለ።
«ልቀቅለት! ሳብ! አሁን ልቀቅለት!»
ጯሂው እኔ ነኝ። ዝምታው ሁሉ ፈሰሰ።

ክንዴን ያክላል፤ ጢሙ የሽማግሌ፣ ዓይኑ ምስር።
አይናለም ጭቃው ላይ ተንበረከከ፣
መንጠቆውን በቀስታ ነቅሎ፣ ሆዱን በሁለት መዳፉ ደግፎ
ወደ ውሃው ሰደደው።
«ምነው! የሦስት ቤት እራት!»
«ይመለስ» አለኝ።
«ወዴት?»
«ወደ ቤቱ።»
ሌላ ቀን ቢሆን በልቤ እሰድበው ነበር።
ዛሬ ያቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆመች።

ከዚያ ጠጠሩ ተንጋጋ፤ ከውሃው ቀድሞ የሚመጣው ድምፁ ነው።
ክንዱን ይዤ ወጣሁ። ዞር ስንል
የተቀመጥንበት ድንጋይ የለም፣
ዳቦው የለም፣ የሾላው ግማሽ የለም።

አምስት መቶውን ሰጠኝ፤ ሃምሳውን መለስኩለት፣
«ዝምታው ጎድሏል» አልኩት። አልገባውም፤ ሳቀ።

የትሉ ጣሳ ግን ሄዷል፣
ቀይ ጎኑ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ እያለ ወደ ጨፋ።
ባሕር አይደርስም፤ ማንም የቦርከና ልጅ ያውቃል።
ብቻ ለደንበኛ ብዬ፣ ዝናብ በማይለቀው ቀለም፣
ስልክ ቁጥሬን ጽፌበት ነበር።