የቃኚው ድርሻ

ሸክላውን አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣
መርፌውን በቀስታ ከጫፉ አድርጌ፣
እጠብቃለሁ።
ሰባተኛው ዘፈን፣ ሦስተኛው ደቂቃ፣
አንዲት ክር አለችኝ እዚያ ተደብቃ።

ጌንት ነው፤ ኅዳር ነው፤ ከሌይ ወንዝ አጠገብ።
የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የማያባራ ዝናብ።
አዳራሹ ድሮ ጥጥ የሚፈተልበት፣
ዛሬ ቲኬት ቆርጠው ዘፈን የሚሰሙበት።

ከቀትር በኋላ ፒያኖው ሲመጣ
አራት ሰው ደግፎት፣ እንደ ታመመ ሰው ከመኪና ሲወጣ፣
ሁለት ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን ለጥፌ፣
ሰማንያ ስምንቱን ቁልፍ አንድ ባንድ አልፌ፣
ሁሉም «ደህና ነኝ» አለኝ።
አንዷ ብቻ ዋሸች።
ከመሐል በስተቀኝ፣ ያቺ ቀጭኗ፣
እርጥበት የገባት፣
ሳጠብቃት የምትስቅ፣ ስተዋት የምትላላ።
«እስከ ነገ ትቆይ» ብዬ እጄን ታጠብኩ።
ሰነፍ አይደለሁም፤
ግን ያን ቀን ርቦኝ ነበር።

ቲልደ ቫንሁከ ገባች፣
ያለ ሰላምታ፣
ጫማዋን አውልቃ፣ ወንበሯን ጎትታ።
ዘፈኖቿን የጻፈች ራሷ ናት፦
ስለ ትራም ፌርማታ፣ ስለ ተዘጋ ዳቦ ቤት፣
ደብዳቤ ስለማይመልስ አንድ ወንድሟ።
አራት መቶ ሰው፣ እርጥብ ካፖርቱን ታቅፎ፣
ሳሉን የሚውጥ አለ፣ መሐረቡን አፉ ላይ አጥፎ።

ሰባተኛው ላይ፣
ወንድሟን በስሙ ልትጠራ ስትል፣
ጧ!
መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ ዝምታ፤
አራት ሰከንድ ሙሉ፣ ዝናቡ ብቻውን ቆርቆሮውን ሲመታ።
ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ አነሳች፤
ክዳኑን በጡጫ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሰው በር መታች፤
ፒያኖ የሌለው ድምፅ፣ ዕርቃኑን የቀረ፣
ከወንድሟ ደጃፍ ቆሞ አደረ።

ኩባንያው «እንቁረጠው» አለ፤
«ሌላ ምሽት ሞልቷል፣ ክር የማይበጠስበት።»
እሷ «አይነካም» አለች፤
«እሱን ከቆረጣችሁ እኔንም ቆርጣችሁ ጣሉኝ።»

ሸክላው ወጣ።
ሽፋኑ ስም ብቻ፦ መብራቱን ያበራ፣
ድምፁን የቀረጸ፣ ሾርባውን የሠራ።
የኔ የለም።
ደግ አደረጉ። ማን ይጽፋል
«ክሩን ያስበጠሰ፦ እገሌ» ብሎ?

አሁን በትራም ውስጥ ልጆች ያንጎራጉሩታል፤
ያቺን አራት ሰከንድ አይዘሏትም፤
አፋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፣
ከዚያ መስኮቱን በጡጫ።

እናቴ ጎደሊቭ እዚያው ፋብሪካ ነበረች፤
የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀች።
ጆሮዋን መኪናው በላው። ብጮህም አትሰማኝ።
መዳፏን ድምፅ ማጉያው ላይ አኖረች፣
ዓይኗን ጨፈነች።
ስድስት ዘፈን፣ ዝም።
ሰባተኛው ላይ ጣቶቿ ደነገጡ፤
አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ተፈላለጉ፣ አንዳች ነገር ሊቋጥሩ።
«ተበጠሰ» አለችኝ። «ማን ቀጠለው?»
ማንም፣ አልኳት በእጄ ምልክት።
ትንሽ አሰበች።
«ታዲያ ከደመወዟ ቆረጡባት?»

ለሷ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ።
ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰማ፣ ከዝናቡ ሥር፣
በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰከንድ መካከል
አንድ ኮቴ አለ።
ግራ እግር። የመድረኩ ጣውላ ሲጥ ይላል።
እኔ ነኝ፤ መፍቻዬን ጨብጬ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣
ልሮጥ፣ ላድናት፣ ይቅርታ ልል።
ሁለተኛ እርምጃ የለም።

ስንት ፒያኖ ቃኘሁ ከወጣትነቴ፤
በልኩ የተቃኘልኝ ግን
ያ ሳይከተል የቀረው ኮቴ።