ያልፈሰሰው

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ ከሆስፒታሉ ጣራ፣
ሦስት ሮቶ ቆሟል፣ የፈረቃ ውሃ ሊቀበል በተራ።
ማክሰኞ ይመጣል፤ እስከ ዓርብ ይተኛል፤
ፀሐይ ሲያባብለው ለብ ብሎ ይገኛል።

ጋሽ ሽብሩ አምና በእግሩ ገብቶ፣ በሳንባው ወጣ፤
ሳሉ ከየት እንደመጣ፣ ሻወሩን የጠየቀ ታጣ።
«ውሃ ሲወስድ» ይባላል፣ «እያሳሳቀ ነው»፤
የኛው ግን እያሳለ፣ በእንፋሎት ወሰደው።

ዘንድሮ እኔና ቶሎሳ ቧንቧውን በሳነው፤
ጣት የሚያህል ሴንሰር ሆዱ ውስጥ አኖርነው።
ሙቀቱን፣ ክሎሪኑን፣ ሌት ተቀን ያነባል፤
ሲስተር ወይንሸት ሳቀች፦ «ውሃም ካርድ ያወጣል?»

ትናንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ስልኬ ጮኸ።
ሠላሳ ስምንት ይላል።
ለሰው ቢሆን ትኩሳት ነው።
ማስኬን አጥብቄ ወጣሁ፤
ከሰኔ ጀምሮ ሰው ያልተኛበትን ክፍል ከፈትኩ፤
ሻወሩን ለቀቅኩት።
መጀመሪያ ሳል መሰለኝ፤ አየር ነበር።
ቀጥሎ ዝገት፣
ቀጥሎ የቀጠነ ሻይ የመሰለ፣
ቆይቶ ጥርት ያለ።
ቤቴ ልጆቼ ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ፤
እኔ እዚህ ቆሜ አፈሳለሁ።
እጄ ሊዘጋው ዳዳ።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይሉ ነበር አባቴ።

ያልፈሰሰውስ?