በንጉሡ «ሠ»

ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ደብዳቤ መጣልኝ፤ ላኪው ስም የለው፣ አባት፦
«በደረሰን አቤቱታ መሠረት
ሥራሽ ታግዷል፤ ተቃውሞ ካለሽ ላኪበት።»

ምን ነበረች ሥራዬ? የክኒን ማስታወሻ፣
ለእማማ ትርንጎ፣ ለአባ ማስረሻ
ስልካቸው ላይ በፊደል፦ «ቀይዋን ከምሳ በኋላ፣
ነጯን ማታ ለብቻዋ፤ እንዳትቀላቀል ከሌላ።»
ኮዷን ገልጬ ሰጠሁ፣ ያሻው እንዲወስዳት፣
የጎደላትን ሞልቶ ለጎረቤት እንዲያሻግራት።

ኩባንያው «አርባ መስመር የኔ ነው» ይላል።
አርባውን አውቃቸዋለሁ። ልጄን ትኩሳት ይዞት፣
አንድ እጄ ግንባሩ ላይ፣ በአንዱ የጻፍኳቸው ናቸው።
ስሕተቴ እንኳ አለች፦
«ሰዓት»ን በንጉሡ «ሠ»፤ እነሱም ዘንድ ተቀምጣለች።
ቀድተው ቆለፉ፤ ዞረውም ከሰሱ፤
ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ፣ እነሱ።
ምስክራቸው ሮቦት ነው፤ አይምል፣ አይጠየቅ።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ስንዝር ርስት አልነበረውም።
ሌላው ማረሻውን አይቶ ቢቀጠቅጥ አልከሰሰውም፤
ከሰል አበደረው።

«ስም፣ አድራሻ፣ መሐላ፤ ከዚያ አሥራ አራት ቀን መጠበቅ።»
ነጋ፤ በሩ ተንኳኳ። እማማ ትርንጎ ናቸው፦
«አዲስ ስልክ ተገዛልኝ፤ ደወሌ የለችበትም።
የቷን ልዋጥ ልጄ?»

አሥራ አራት ቀን ክኒን አይጠብቅም።
እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ካርቶኑ ላይ ጻፍኩ፦
«የነጯ ሠአት፣ ማታ ሁለት።»
በንጉሡ «ሠ»፣
አውቄ።